መጀመሪያ ቧንቧው፣ ሞተሩ ይደርሳል፦ ጎንደር ላይ ካርት እንዴት እንሥራ?

ካርት፣ ማለትም አራት ትንንሽ ጎማ ያላትን ዝቅ ያለች የውድድር መኪና፣ መሥራት አማረኝ ብሎ ጋራዤ የሚመጣ ልጅ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ስንት የፈረስ ጉልበት ልግጠምበት?» እኔም ሁሌ «ሞተሩን ተወውና ቧንቧህን አሳየኝ» እላለሁ። ፊቱ ጭፍግግ ይላል። አልፈርድበትም። ሞተር ያጓራል፣ ይጨሳል፣ ሰፈር ይሰበሰብበታል። ቧንቧ ምኑ ያጓጓል?

ግን የካርት ፋብሪካዎችን ታሪክ ቁጭ ብላችሁ ብታዩ ዋንጫው የመጣው ከቧንቧው ነው። ሞተሩን ብዙዎቹ ከሌላ ገዝተው ነው የገጠሙት። ቧንቧውን ግን ራሳቸው አጥፈው፣ ራሳቸው በይደው፣ ሲሰበር ደግመው በይደው ነው ያሸነፉት። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ቴክኖ የሚባል አንድ የጣሊያን ፋብሪካ አብሮን ይሄዳል። ሲያሸንፍም ሲወድቅም ያስተምራል።

እኔ ጎንደር አራዳ አካባቢ ባጃጅ ጠጋኝ ነኝ። ብየዳ የተማርኩት ቴክኒክና ሙያ ነው። የምጽፋቸው ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ነገሩ ከየት ተነሳ

በ1956 ካሊፎርኒያ ውስጥ አርት ኢንግልስ የሚባል ሰው ነበር። እንጀራው ከርቲስ ክራፍት የተባለ የውድድር መኪና ፋብሪካ ውስጥ ነው። ከጓደኛው ከሉ ቦሬሊ ጋር ሆኖ ቧንቧ በየደ፣ አራት ትንንሽ ጎማ ገጠመ፣ ከኋላ ደግሞ ዌስት ቤንድ የሠራውን የሣር ማጨጃ ሞተር ሰካ። ጉልበቱ 2.5 ፈረስ ነው። የመጀመሪያዋ ካርት ያቺ ናት። ልብ በሉ፤ ሰውየው ቀኑን ሙሉ የሚውለው ውድድር መኪና መሀል ነው። ትልቅ ሞተር አይቶ አያውቅም የሚባል ሰው አይደለም።

ሦስት ዓመት ገደማ ቆይቶ የሰንሰለት መጋዝ የሚሠራው ማክሎክ ነገሩ ገባው። በ1959 የመጋዝ ሞተሩን አሻሽሎ ኤምሲ-10 ብሎ ለካርት አቀረበ። የብራዚሉ የፎርሙላ 1 ሻምፒዮን አይርተን ሴናም በአራት ዓመቱ አባቱ የሠሩለት ካርት ሞተሩ የሣር ማጨጃ ነበር። ሣር ማጨጃ፣ መጋዝ። እኛ ደግሞ የደንቢያ ገበሬ የመስኖ ፓምፕ አለን። እዚያ እንደርሳለን።

ጣሊያኖቹ ወዲያው ነው የተቀበሉት። አንቶኒዮ ቦሲዮ በ1958 ብሬሻ አጠገብ ፕሬቫሌ ላይ ቶኒ ካርትን ጀመረ፤ ዛሬም አለ። ቦሎኛ ላይ ደግሞ ሉቺያኖና ጃንፍራንኮ ፔደርዛኒ የሚባሉ ወንድማማቾች ቴክኖ ብለው ካርት መሥራት ያዙ። በ1964 የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ሮም ላይ ሲደረግ ጉዊዶ ሳላ በቴክኖ አሸነፈ። በ1965 ደገመው። በ1966 ኮፐንሃገን ላይ በዚያው በቴክኖ ያሸነፈችው ሱዛና ራጋኔሊ ናት። ሁለተኛ ሌፍ ኤንግስትሮም፣ ሦስተኛ ሮኒ ፒተርሰን። ፒተርሰን ማለት ኋላ በፎርሙላ 1 ዓለም ያጨበጨበለት ስዊድናዊ ነው። ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግራት «አጎቴ፣ ሴት ናት ያሸነፈችው?» አለችና ሄልሜቱን ከእጄ ነጠቀችኝ። እስካሁን አልመለሰችም።

በሦስቱም ድል ሞተሩ ፓሪላ ነው። ቴክኖ አልሠራውም። ሌላውም ሰው ፓሪላ ገዝቶ መግጠም ይችል ነበር። ያልቻለው የወንድማማቾቹን ቧንቧ ነው።

ይህ ሳይገባችሁ ብረት አትቁረጡ

ባጃጅ ዲፈረንሻል አለው። ሲታጠፍ የውጭው የኋላ ጎማ ፈጠን ይላል፣ የውስጡ ይዘገያል። የውድድር ካርት ዲፈረንሻል የለውም። ሞላም ባለስትራም የለውም። የኋላው አክስል አንድ ወጥ ዘንግ ነው፤ ሁለቱ ጎማዎች ወደዱም ጠሉም እኩል ይዞራሉ።

አሁን ሒሳቡን እዩት። ከአንዱ የኋላ ጎማ መሀል እስከ ሌላው 1.1 ሜትር ነው እንበል። ግማሽ ክብ ስትዞሩ የውጭው ጎማ ከውስጡ 1.1 ሲባዛ በ3.14 ያህል ትርፍ መንገድ አለበት። ወደ 3.45 ሜትር ማለት ነው። መታጠፊያው ቢሰፋም ቢጠብም ትርፉ ያው ነው። ታዲያ ሁለቱ እኩል እየዞሩ ይህ ሦስት ሜትር ተኩል የት ይገባል? ወይ ጎማው አስፋልቱ ላይ እየተፋቀ ሞተሩ ያቃስታል፣ ካርቱም አልታጠፍም ብሎ ቀጥ ሊል ይታገላል። ወይ ደግሞ የውስጠኛው የኋላ ጎማ ለአፍታ ከመሬት ይነሳል።

ካርት መሥራት ማለት ያንን ጎማ ማንሳት ነው። የሚያነሳው ደግሞ መሪውና ሻንሲው፣ ማለትም የቧንቧው አጽም፣ ተባብረው ነው። መሪው ሲታጠፍ የውስጡን የፊት ጎማ ወደ ታች ይገፋል፣ ቧንቧው ይጠማዘዛል፣ በዚያው በኩል ያለው የኋላ ጎማ ይነሳል። መታጠፊያው ሲያልቅ ቧንቧው ወደ ቦታው ይመለሳል። የካርት ሞላው ቧንቧው ራሱ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ቧንቧ አመራረጥ

ፋብሪካዎቹ የሚጠቀሙት ክሮምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት ብረት ነው። የውጭ ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ 30 ወይም 32 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር። እንዲህ ያለውን ጎንደር ውስጥ በመፈለግ ጫማ አትጨርሱ። በዚያው ልክ ጥቁር ክብ የብረት ቧንቧ ፈልጉ። ቶሎ ይደክማል፣ ትንሽ ይከብዳል፤ ለመጀመሪያ ካርት ግን ይበቃል።

የውሃ ቧንቧ ይቅርባችሁ። ያ ነጭ ሽፋኑ ዚንክ ነው። ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ማታውን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያስይዛል። ብየዳውም አይዝም።

የበርና የመስኮት ቱቦላሬም ይቅርባችሁ። ርካሽ ነው፣ በየሱቁ አለ፣ ለመቁረጥ ይመቻል። ችግሩ አራት ማዕዘን መሆኑና ስስነቱ ነው። ክብ ቧንቧ ወደ የትም ብትጠመዝዙት እኩል ይታዘዛል። ቱቦላሬ ግን ጭንቀቱን ብየዳው ጥግ ላይ ይሰበስባል።

ባለፈው ክረምት ሦስት ጓደኛሞች ከማራኪ በኩል አንድ ካርት በጋሪ ጭነው አመጡልኝ። በቱቦላሬ የተሠራ ነው። ቀለሙ ያምራል፣ የፋሲል ከነማን ቀለም ቀብተውታል። ግን ከመቀመጫው ግራ፣ ብየዳው ከሚያልቅበት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ፀጉር የምታህል መስመር አለች። በጥፍሬ ዳሰስኳት። ልጁ «ቀለሙ ነው የተሰነጠቀው፣ ጋሼ» አለኝ። መቀመጫውን ስንፈታው ቱቦላሬው ከሦስት ጎኑ ተከፍቷል። በአራተኛው ጎን ብቻ ነበር ተንጠልጥሎ የሚሄደው።

ልኬትና ብየዳ

ከፊት ጎማ መሀል እስከ ኋላ ጎማ መሀል 105 ሴንቲ ሜትር ያዙ። የፋብሪካዎቹም እዚያው አካባቢ ነው። ጠቅላላ የኋላ ስፋቱ ከ140 ሴንቲ ሜትር አይለፍ።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ሁለት ረጃጅም ቧንቧዎች አሉ። ከፊት ጠበብ ይሉና ወደ መቀመጫው ሲደርሱ ይሰፋሉ። እነሱን የሚያገናኙ ሦስት አግዳሚዎች፦ አንዱ ከእግር ሥር፣ አንዱ ከመቀመጫው ፊት፣ አንዱ ከኋላ። በቃ።

በቃ ስል የምሬን ነው። እኛ ብየዳ ቤት ያደግነው በር እየሠራን ነው። የሚወዛወዝ ነገር ስናይ እጃችን መስቀለኛ ብረት ይፈልጋል። ካርት ላይ መስቀለኛ መጨመር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ሻንሲው ደረቅ ይላል፣ ጎማው አይነሳም፣ መጠማዘዝ ያቃተው ብረት ደግሞ ብየዳው ላይ ይበጠሳል። ጠንካራ ይሁን ብላችሁ የጨመራችሁት ነው የሚሰብረው።

ቧንቧ ስታጥፉ ውስጡን በደረቅ አሸዋ ሞልታችሁ ሁለቱን አፍ ዝጉት። አለዚያ ጉልበቱ ላይ ይጨፈለቃል። የተጨፈለቀ ቧንቧ ለሻንሲ አይሆንም፤ አግዳሚ ወንበር ሥሩበት።

ለመገጣጠም የተስተካከለ የሲሚንቶ ወለል ያስፈልጋል። በጠመኔ መሀል መስመር አስምሩ። ሁሉንም ከዚያ መስመር እየለካችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘርጉ። መጀመሪያ ሁሉንም መገጣጠሚያ ነጥብ ነጥብ ብቻ አድርጋችሁ ያዙት። ከዚያ ሰያፉን ለኩ፤ ከግራ ፊት እስከ ቀኝ ኋላ፣ ከቀኝ ፊት እስከ ግራ ኋላ። ልዩነቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ነጥቡን ፍቱትና አስተካክሉ። አሁን ካላስተካከላችሁት ካርቱ ዕድሜ ልኩን ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።

ሙሉውን ስትበይዱ ከአንድ ጥግ ጀምራችሁ በተርታ አትጨርሱ። ብረት ሲሞቅ ይጎትታል። አንዱን ፊት ግራ፣ ቀጥሎ ኋላ ቀኝ፣ እንዲህ እያሻገራችሁ። 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ይበቃል። መብራት እንደሚሄድም አስቡ። አንድ መገጣጠሚያ ግማሹ ላይ መብራት ከጠፋ ያንን ቦታ በኋላ በግራይንደር ከፍታችሁ እንደገና ጀምሩ እንጂ በላዩ አትደርቡ። ብየዳውን እንዲያምር ብላችሁ በግራይንደር አትላጩት። ያቺ ጉብታ ናት የምትይዘው። ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ ከተማው በሙሉ ብየዳ ይፈልጋል፤ ሥራውን ከዚያ በፊት ወይ በኋላ አድርጉት።

አክስሉን ከወፍጮ ቤት

ለኋላ አክስል 30 ሚሊ ሜትር ወጥ የብረት ዘንግ ግዙ። የካርት ኩሽኔታ አትፈልጉ። የወፍጮ ቤት ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሂዱና ዩሲፒ 206 የሚባለውን፣ ከነቤቱ፣ ሁለት ጠይቁ። 206 ማለት ቀዳዳው 30 ሚሊ ሜትር ነው። ቀንና ሌሊት ጤፍ ሲያስፈጭ የኖረ ኩሽኔታ አንድ ልጅ ተሸክሞ መሮጥ አያቅተውም። ደግሞ ቤቱ ውስጥ ትንሽ ስለሚወዛወዝ ሻንሲው ሲጠማዘዝ ዘንጉን አያንቀውም።

ጎማ የባጃጅ ነው የምመክረው፤ ባለ 8 ኢንች። ከፋብሪካ ካርት ጎማ ይበልጣል፣ ያ ባለ 5 ኢንች ነው። ግን ጎንደር ውስጥ በየመንደሩ ይገኛል፣ ጎሚስታውም ያውቀዋል። የእጅ ጋሪ ጎማ የገጠመ አጋጥሞኛል፤ እሱ ቀጥ ብሎ ለመሄድ እንጂ በጎን ለመጫን አልተሠራም። ጎማውን ከዘንጉ የሚያገናኘውን ፍላንጅ ቶርኖ ቤት አስወጡ። ዘንጉ ላይ እንዳይሾር የሚይዘው የብረት ሽብልቅ መግቢያውም እዚያው ይውጣ። በብየዳ ለመያዝ አትሞክሩ።

መሪው

እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ። የፊት ጎማው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚታጠፍበት ፔርኖ ቀጥ ብሎ መቆም የለበትም። አናቱ ወደ ኋላ ይጋደም፤ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ። ስልካችሁ ላይ ባለው ውሃ ልክ መለካት ይቻላል። ያ መጋደል ነው መሪው ሲታጠፍ የውስጡን የፊት ጎማ ወደ ታች የሚገፋው። ፔርኖውን ቀጥ አድርጎ የበየደ ሰው ጎማው አይነሳለትም፤ ከዚያ «ሞተሩ ደካማ ነው» ብሎ ሌላ ሞተር ይገዛል።

ሁለተኛው ነገር የመሪው ክንድ ነው። ከፔርኖው መሀል እስከ ኋላ አክስል መሀል ነጥብ ሲባጎ ወጥሩ። ቴስቲናው (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ ጫፍ) የሚታሰርበት ቀዳዳ ሲባጎው ላይ ይረፍ። እንዲህ ሲሆን የውስጡ ጎማ ከውጭው የበለጠ ይታጠፋል፣ ሁለቱም በየራሳቸው ክብ ላይ ይሄዳሉ። ቴስቲና የሞተር ሳይክል ወይም የትንሽ መኪና ይሆናል። ዳዶው እንዳይፈታ የሚቆልፍ ፒን ወይም ናይለን ያለው ዳዶ የግድ ነው። መሪ በተራ ዳዶ አይታሰርም።

ሲያልቅ እንዲህ ፈትኑት። ሰው መቀመጫው ቦታ ይቀመጥ። የውስጠኛው የኋላ ጎማ ሥር ወረቀት አስገቡ። መሪውን እስከ መጨረሻ አዙሩ። ወረቀቱ ሳይቀደድ ተስቦ ከወጣ ሻንሲያችሁ ይሠራል። እኔ ይህን ሳላይ ስለ ሞተር ከማንም ጋር አላወራም።

መቀመጫው የሻንሲው አካል ነው

የፕላስቲክ ወንበር ቆርጦ ማሰር የተለመደ ነው። ይቅር። በመታጠፊያ ላይ የነጂው ክብደት ወደ ሻንሲው የሚተላለፈው በመቀመጫው በኩል ነው። ፋብሪካዎቹ ከፋይበርግላስ ይሠሩታል። ባለ 2 ሚሊ ላሜራ በነጂው ጀርባና ጎን ልክ አጥፋችሁ ስፖንጅ አልብሱት። በአራት ቦታ እሰሩት፤ ሁለቱ ከመቀመጫው ፊት ካለው አግዳሚ ጋር፣ ሁለቱ ከኋላ ኩሽኔታዎቹ አጠገብ። ለጊዜው ቀዳዳዎቹን ረዘም አድርጋችሁ ብሱ፤ መቀመጫው ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንቀሳቀስ አለበት።

ለምን? ለሚዛን። ፒያሳ ላይ ሚዛን ይዘው «ኪሎ! ኪሎ!» የሚሉ ልጆች አሉ አይደል? አራቱን ጥሩ። ኪሳቸውን አስደስቱና በየጎማው ሥር አንድ አንድ ሚዛን አስቀምጡ። መጀመሪያ ሚዛኖቹን በአንድ ዕቃ ፈትሿቸው፤ አንዳንዱ ሁለት ኪሎ ይዋሻል። ነጂው ይቀመጥ። ካርቱ 90 ኪሎ፣ ነጂው 60 ኪሎ ከሆነ ድምሩ 150 ነው። ከዚህ ፊተኞቹ ሁለቱ 63 ኪሎ አካባቢ፣ ኋለኞቹ 87 አካባቢ ይያዙ። ፊቱ ከቀለለ መቀመጫውን አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት። ግራና ቀኙም ይቀራረብ፤ ሞተሩ በአንድ ጎን ስለሚሆን መቀመጫውን በጥቂቱ ወደ ሌላው መግፋት ይረዳል። ሚዛን ያዡ ልጅ የመጨረሻውን ቁጥር ጮክ ብሎ ሲያነብ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆሞ ይመለከታል። የሞተር ድምፅ ገና አልተሰማም፤ ሰው ግን ተሰብስቧል።

አሁን ሞተር

የመስኖ ፓምፕ ሞተር ይሁን። 196 ሲሲ፣ ባለ አራት ምት፣ ፋብሪካው 6.5 ፈረስ ጉልበት የሚለው። መለዋወጫው የትም አለ። ስትገዙ ዘንጉን እዩ። የፓምፕ ሞተር ዘንግ ብዙ ጊዜ እንደ ብሎን ጥርስ የወጣለት ነው፤ እሱ ፍሪሲዮን አይቀበልም። ልሙጥ ሆኖ የሽብልቅ መግቢያ ያለውን ምረጡ።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ትበልጣለች። አየሩ ስስ ነው። በእያንዳንዱ 300 ሜትር ከፍታ ሞተር ወደ 3 በመቶ ጉልበት ያጣል፤ ስለዚህ 6.5 የተባለው እዚህ ወደ 5 ይወርዳል። በዚያ ላይ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላውን ፈትታችሁ እዩ። ጥቁር ጥላሸት ካለበት ቤንዚን በዝቷል፤ አነስ ያለ ጂግለር (የቤንዚን ማለፊያ ቀዳዳ) ግጠሙ። ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ከነጣ ግን አየር በዝቷል፣ ፒስቶኑን ያቃጥላል።

የካቴናውን ጥርስ እንዲህ አስሉ። ሞተሩ በደቂቃ 3,600 ይዞራል። ሞተሩ ላይ 10 ጥርስ፣ አክስሉ ላይ 60 ጥርስ ብትገጥሙ አክስሉ 600 ይዞራል። የባጃጅ ጎማ ዙሪያው ወደ 1.29 ሜትር ነው። ስለዚህ በደቂቃ 774 ሜትር፣ በሰዓት 46 ኪሎ ሜትር ገደማ። ትንሽ ነው የምትሉ ከሆነ ቂጣችሁ ከመሬት በጣት የሚቆጠር ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ 46 ሂዱና እንነጋገር።

የሞተሩን ፍጥነት የሚገድበውን ገቨርነር አትንቀሉ። ሁሉም መንቀል ይፈልጋል። ያ ሞተር ከ3,600 በላይ ሲዞር ፍላይዊሉ ወይም የፒስቶኑ ክንድ ሊፈነዳ ይችላል፤ የተቀመጣችሁት ደግሞ አጠገቡ ነው።

ወደ ቴክኖ ልመልሳችሁ። ወንድማማቾቹ ከካርት ወደ መኪና ተሻገሩ። የፎርሙላ 3 መኪናቸው አጭር፣ የካርት ጠባይ ያለው ነበር። ፍራንሷ ሴቬር በ1968 የፈረንሳይ ፎርሙላ 3 ሻምፒዮን የሆነው በቴክኖ ነው። ሮኒ ፒተርሰን በ1969 የሞናኮን ፎርሙላ 3 ውድድር በቴክኖ አሸነፈ። በ1970 ክሌይ ሬጋዞኒ የአውሮፓ ፎርሙላ 2 ሻምፒዮን ሆነ፤ ሻንሲው ቴክኖ፣ ሞተሩ ከኮስዎርዝ የተገዛ።

ከዚያ በ1972 ፎርሙላ 1 ገቡ፤ ይኸኔ ሞተሩንም ራሳቸው ሠሩት። ባለ 12 ሲሊንደር። ማርቲኒ የተባለው መጠጥ ፋብሪካ ገንዘብ አወጣ። ውጤቱ? በሁለት ዓመት አንድ ነጥብ። እሷንም ክሪስ ኤመን በ1973 ቤልጂግ ዞልደር ላይ ስድስተኛ ወጥቶ ነው ያመጣት። ጥፋቱን ሁሉ ሞተሩ ላይ አልጭንም፤ ውስጥ ለውስጥ ሽኩቻ ነበር፣ በ1973 ለአንዱ ሞተር ሁለት የተለያዩ ሻንሲዎች ነበሩት። ግን ከካርት ጀምሮ ሲያሸንፉ የኖሩት የሰው ሞተር ገዝተው፣ ሐሳባቸውን ቧንቧው ላይ አድርገው መሆኑ ከዓይኔ አይጠፋም።

«ቶኒ ካርትስ?» ይባል ይሆናል፤ ዛሬ ቮርቴክስ የሚባለው ሞተር ከራሱ ቡድን ነው የሚወጣው፤ ማርኮ አርዲጎ በ2007 እና በ2008 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በሁለቱ ነው። እውነት ነው። ግን እዚያ ለመድረስ ከ1958 ጀምሮ ቧንቧ ሲበየድ ኖሯል። ኋላ የፎርሙላ 1 ሻምፒዮን የሆነው ማክስ ቨርስታፐን በ2013 ፈረንሳይ ቫረን ላይ የዓለም የካርት ሻምፒዮን ሲሆን ደግሞ ሻንሲው ሲአርጂ፣ ሞተሩ ቲኤም ነው። ሁለት የተለያዩ ፋብሪካዎች።

ፍሬንና ደህንነት

ወጥ አክስል አንድ ቸርነት አለው። አክስሉ ላይ አንድ ዲስክ ካሰራችሁ ሁለቱም የኋላ ጎማ ይቆማል። የሞተር ሳይክል ዲስክና ካሊፐር ይበቃል። ፔዳሉ በግራ እግር ይሁን፤ ነዳጁ በቀኝ።

ካቴናው በላሜራ ይሸፈን። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የጫማ ማሰሪያ፣ ሁሉንም ይስባል። ሞተር ማጥፊያው ነጂው እጁ የሚደርስበት ቦታ ይሁን።

የደህንነት ቀበቶ እንግጠም የሚሉ ብዙ ናቸው። የውድድር ካርት ቀበቶ የለውም፤ ምክንያቱም ሲገለበጥ ከላይ የሚከላከል ብረት የለውም። ታስሮ ከሥሩ ከመጨፍለቅ መውደቅ ይሻላል። ሄልሜት፣ ጓንት፣ ወፍራም ሱሪ ግን ያለ ክርክር።

መንገድ ላይ አታውጡት። ከባጃጅ ጎማ የሚያንስ ነገር የትኛውም የጭነት መኪና ሾፌር አያየውም። ጎንደር ሜዳ ብርቅ ነው፣ አውቃለሁ። ሰፊ ግቢ ያለው ድርጅት ወይም ትምህርት ቤት በእረፍት ቀን አስፈቅዱ፤ አሮጌ ጎማ ደርድራችሁ መታጠፊያውን ከልሉ።

ሲነዳ ምን እንደሚል ስሙት

ከመታጠፊያ ሲወጣ ሞተሩ ካቃሰተ ጎማው አልተነሳም ማለት ነው። የፊት ጎማዎቹን በየጎኑ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ አስፉ። ካልተሻለው ፔርኖውን ትንሽ ጨምራችሁ አጋድሙ። ፊቱ አልታዘዝ ብሎ ወደ ውጭ ከሄደም መድኃኒቱ ያው ነው። ኋላው ቶሎ ከተንሸራተተ የኋላ ጎማዎቹን ወደ ውስጥ ሰብሰብ አድርጉ። መታጠፊያ ላይ እንደ ፌንጣ ከዘለለ ተቃራኒውን፤ ኋላውን አስፉ፣ መቀመጫውን ዝቅ አድርጉ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ደብተር ላይ ጻፉ። ሁለት ነገር አብራችሁ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

የመጀመሪያው ሩጫ እንዳለቀ ብሎኖቹን በሙሉ አጥብቁ። ከዚያ ብየዳዎቹን በነጭ ጋዝ ቀቡ። ጥቂት ቆዩ፣ በጨርቅ አድርቃችሁ ጥረጉ፣ ጠመኔ አሽታችሁ ዱቄቱን አልብሱት። ስንጥቅ ካለ ጋዙ ከውስጥ ተስቦ ይወጣና ነጩ ላይ ጥቁር መስመር ይሠራል። በተለይ ኩሽኔታው የተሰቀለበትን፣ የመቀመጫው ማሰሪያ የተበየደበትን፣ የፔርኖውን ሥር እዩ። መስመር ካገኛችሁ በላዩ አትበይዱ። የተሰነጠቀውን ቆርጣችሁ አውጡ፣ ውስጡ ልክ የሚገባ አጭር ቧንቧ ሰክታችሁ አዲስ ቁራጭ ቀጥሉ፣ ሰያፉን እንደገና ለኩ።